ዘግይቶ ስለ መጣው ሽልማትዎ

ውድ መምህሬ፣

ሽልማቱ መጣ። ይህን ብነግርዎ መነጽርዎን ግንባርዎ ላይ ሰቅለው "በስም ተሳስተው ይሆናል፤ መልሰሽ ጠይቂያቸው" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ጠይቄያለሁ። አልተሳሳቱም። በሎጂክና በኮምፒውተር ሳይንስ ንድፈ ሐሳብ፣ ዘመን ላልሻረው ሥራ በሚሰጠው ሽልማት ዘንድሮ የተመረጠው ያ ሁለታችን የጻፍነው ጽሑፍ ነው።

ዜናውን ስሰማ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ምን መሰለዎት? ምድር ቤት የነበረው ቢሯችን። የሕንፃው የውሃ ማሞቂያ ከግድግዳው ወዲያ ሲያጉረመርም፣ እርስዎ ኮትዎ በጠመኔ ነጥቶ ሰሌዳው ፊት ሲንጎራደዱ፣ እኔ እግሩ በካርቶን የተደገፈ ወንበር ላይ ተቀምጬ "እዚህ ጋ አልገባኝም" ስል። ስንት ጊዜ አልገባኝም እንዳልኩዎት! አንድ ቀን እንኳ ፊትዎ አልጠቆረም። "አንቺ ካልገባሽ እኔም በደንብ አልገባኝም ማለት ነው" ብለው ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች ያጠፉት ነበር።

ጥያቄያችን አንድ ነበር፦ አንድ ፕሮግራም ሥራውን ጨርሶ ይቆማል ወይስ መቆሚያ አጥቶ ሲዞር ይኖራል? ለሁሉም ፕሮግራም መልስ የሚሰጥ ዘዴ እንደሌለ ዱሮ የታወቀ ነው። እርስዎ ግን "ለሁሉም ባይሆን ለአንዳንዱስ?" ብለው ሙጭጭ አሉ።

ጉባኤው ላይ ያቀረብንበትን ቀን ያስታውሱታል? የመጨረሻው ሰዓት ደርሶን አዳራሹ ጭር ብሏል። ከፊት የተቀመጡት ሰውዬ እንቅልፋቸውን ይለጥጣሉ። አንዱ እጁን አውጥቶ "ለመሆኑ ይኼ ነገር ምን ይጠቅማል?" አለ። እርስዎም "አላውቅም። እውነት መሆኑን ግን አውቃለሁ" ብለው ወረዱ። እኔ እንባዬ መጣ። ውጭ ይዘንብ ነበር፤ በአንድ ጃንጥላ እየሄድን "አይዞሽ፣ የተኙት ሰውዬ እኮ አልተቃወሙንም" አሉኝና እየሳቅን በሰበስን።

ከዚያ ሕመምዎ መጣ። ያ ጽሑፍ ዛሬ የባቡር ፍሬን የሚቆጣጠሩ ፕሮግራሞች ለሚመረመሩበት ዘዴ መሠረት መሆኑን ሳያዩ ሄዱ።

የእርስዎን ድርሻ ባለቤትዎ እንዲቀበሉልዎት ልለምን ቤትዎ ሄድኩ። እትዬ ጡረታ ከወጡም በኋላ ነርስነቱ አልለቀቃቸውም፤ ገና ከበር "ከስተሻል፣ ምን ሆነሽ ነው?" አሉኝ። ጉዳዩን ስነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

"ያ ሰሌዳ እኮ ጣውንቴ ነበር" አሉ። "እራት ላይ አብሮኝ ተቀምጦ ሐሳቡ እሷ ጋ ነው። አሁን ደግሞ ላጨብጭብላት?"

ለመሄድ ቦርሳዬን አነሳሁ።

እሳቸው ግን "ለመሆኑ ምንድን ነው የሠራችሁት? ሳላውቀው መድረክ ላይ አልወጣም። አስረጂኝ" አሉ።

የስፌት ዕቃ ሣጥናቸው መስኮቱ ሥር ነበር። ከትልቁ የካፖርት እስከ ትንሹ የሸሚዝ ጥቂት ቁልፎች ሳህን ላይ አድርጌ ጨዋታውን ነገርኳቸው፦ ከሳህኑ አንድ ቁልፍ ያነሳሉ፤ በምትኩ ከሣጥኑ በመጠን ከእሱ የሚያንሱትን የፈለጉትን ያህል ይጨምራሉ። ከሁሉ ትንሹን ሲያነሱ ግን የሚተካ የለም። "እንግዲህ ሳህኑ ባዶ እንዳይሆን ያድርጉ" አልኳቸው።

እልህ ያዛቸው። አንድ የካፖርት ቁልፍ አንስተው መካከለኛዎቹን በእፍኝ ጨመሩ፤ ሳህኑ ሞልቶ ፈሰሰ። "አሁንስ?" አሉ። "ይቀጥሉ" አልኩ። ሻያችን ቀዘቀዘ። እየቆየ የካፖርቱ አለቀ፤ መካከለኛው አለቀ፤ የቀረው ትንንሹ ብቻ ሆነ፤ እሱም አንድ በአንድ ተለቀመ።

"እንዴ! እንደዚያ በዝቶ አለቀ?"

"ማለቁ አይቀርም። እርምጃው ሁሉ እንደዚህ ጨዋታ የሆነ ፕሮግራምም መቆሙ አይቀርም። መምህር ጽሑፉን የገነቡት በዚህ ላይ ነው።"

እንደ ልጅ ሳቁ። ወዲያው ግን ሳቃቸው ተቋረጠ። ባዶውን ሳህን እያዩ "ይኼን እኮ ለእኔም ማሳየት ይችል ነበር" አሉ። "ለምን አላሳየኝም?"

አሰለቻታለሁ ብለው ፈርተው ይሆናል። ያኔ ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ እኔ ቀኑን ሙሉ የምጠግበው ድምፅዎ ለእሳቸው ማታ ደክሞ የሚገባ ዝምታ ነበር።

በሽልማቱ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። እትዬ ሰማያዊ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ክንዴን ይዘው ወጡ። ሽልማቱን ተቀብለው ወደ ማይክራፎኑ ጠጋ አሉ። "ባለቤቴ ስለዚህ ሥራ አንድም ቀን አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።" ትንሽ አሰቡና፣ "አሁን ግን ገብቶኛል። ያምራል" ብለው ወረዱ። እኔም ያዘጋጀሁትን ንግግር ከቦርሳዬ ሳላወጣ ተከተልኳቸው።

የተመለስነው በባቡር ነው። ውጭ ይበርዳል፤ መስኮቱ በትንፋሻችን ደብዝዟል። የተኙ መስሎኝ ነበር፤ ዓይናቸውን ሳይገልጡ "ከዚህ ቀጥሎ የጻፋችሁትስ ስለ ምን ነበር?" አሉኝ።

"እሱ ትንሽ ይከብዳል፣ እትዬ።"

"ቤታችን ገና ሩቅ ነው፣ ልጄ። ንገሪኝ።"

እጅጌዬን ሰብስቤ መስኮቱ ላይ በጣቴ መጻፍ ጀመርኩ። ፊት ለፊታችን የተቀመጠው ተሳፋሪም ጋዜጣውን አጥፎ ያይ ጀመር።

መምህሬ፣ በዚያች ምድር ቤት ደስተኛ ነበርኩ። ነግሬዎት ስለማላውቅ አሁን ልንገርዎ። ለእትዬ አያስቡ፤ እኔ አለሁ።

በፍቅርና በአክብሮት፣
ተማሪዎ