ይማርሽን ያስማልኋት መሐላ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት እናቴ ለወይዘሮ ገለቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? የጉልበትዎ ሕመም በላስታ ብርድ እንዴት አደረገዎት? እኅቴ ሔለንስ ትምህርቷን ሳታጓድል ትሄዳለች? ጎረቤቱስ፣ ከብቱስ፣ የደብራችን ካህናትስ እንደምን አሉ? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት እዚህ ሐዋሳ በሕንፃ ሥራ ላይ አለሁ። አካሌ ደኅና ነው፤ ሐሳቤ ግን ከእናንተ ዘንድ ሄዶ አልመለስ ብሎኛል።

ይህን ደብዳቤ ወደ አገር በሚገባው በሰውአገኝ እጅ የላክሁት በስልክ የማልናገረው ነገር ስላለ ነው። በቄስ ወልደ ኪዳን ቤት ስንደዋወል ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ የገባ የወጣው ሁሉ እንደሚሰማን ያውቃሉ። ሰውአገኝ እስከ ላሊበላ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በእግሩ ይመጣልዎታል። ሔለን ለብቻዎ ታንብብልዎት።

እናቴ ሆይ፣ ምራትዎ ይማርሽ ነፍሰ ጡር ናት። አምስተኛ ወሯን ይዛለች።

ከእርስዎ የደበቅሁት እኔ ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት የመጀመሪያውን በአምስት ወሩ ሲያስወርዳት፣ ቀድሞ ስለተወራ ዓይን በላው እየተባለ የተነገረውን አልረሳሁም። በኅዳር ወደዚህ ልነሣ ስል ዳግመኛ መፀነሷን በጆሮዬ ነገረችኝ። ደስ ቢለኝም ፍርሃቴ በለጠና፣ ለማንም እንዳትናገር በማርያም አስማልኋት። ለእናትህም ጭምር ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ ሁለት ጊዜም ለእናቴም ጭምር አልኋት። ሆዷ እንዳይታወቅ ጋቢ እንድትደርብ የመከርኋትም እኔው ነኝ።

በጥር መጨረሻ በስልክ ስንነጋገር ይማርሽ እህል በሚሰፈርበት በሴፍቲኔቱ የእርከን ሥራ ላይ እንደ ሰነፈች፣ ድንጋይ ይዛ በየመንገዱ እንደምትቀመጥ ነገሩኝ። የቡድን መሪው አረጋም "የዚችን ልጅ ልቧን ባሏ ሐዋሳ ወስዶብናል፤ የቀረን እግሯ ነበር፣ እሱም አልሄድ አለን" እያለ ሰዉን እንደሚያስቅ አጫወቱኝ። በቤቱ የነበሩት ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። 

እዚህ ከእኛ ጋር ብሎኬት የምታቀብል ዘነቡ የምትባል የመርሳ ሴት አለች። ከዚያ ስልክ ወዲህ ምሳዬን ሳልነካ ብታየኝ ምን ሆነሃል እያለች ሦስት ቀን ነዘነዘችኝ፤ በሦስተኛው ቀን ከእናቴ የደበቅሁትን ለባዳ ነገርሁ። እሷም በአገሯ ሴፍቲኔት ውስጥ የነበረች ናት። "ወላሂ አንተስ ጉደኛ ነህ። ለነፍሰ ጡር እኮ ድንጋይ የለም። እኔ ሁለተኛዬን ስይዝ ከጤና ኤክስቴንሽኗ ወረቀት አምጥቼ፣ ቁጭ ብዬ ነው ስንዴዬን የተቀበልኩት። ድንጋዩን ያሸከማት ሌላ ሰው መሰለህ? አንተ ነህ" አለችኝ። ሥርዓቱንም አስረዳችኝ። እርግዝናዋ በወረቀት ከተረጋገጠ ከጉልበት ሥራ ትወጣለች፤ ወልዳም ሕፃኑ ጠና እስኪል አትመለስም። የእህል ድርሻዋ አይጎድልባትም፤ በሥራው ፈንታ የእርግዝና ክትትልና የጤና ትምህርት ብቻ ይጠበቅባታል።

ከሁሉ የከበደኝ ደግሞ ይህ ነው። የቀበሌያችን ጤና ኤክስቴንሽን ፍቅርአዲስ ነፍሰ ጡሮችን ለመመዝገብ በየቤቱ ትዞራለች፤ የእኛንም ደጅ ሳታንኳኳ አልቀረችም። ይማርሽ ግን ምላለችና ምንም የለም ብላ መልሳት መሆን አለበት። ለእሷ ተብሎ የወጣው ሕግ ደጃችን ድረስ መጥቶ በእኔ መሐላ ተመለሰ።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ይህ ደብዳቤ በደረሰዎት ቀን ይማርሽን ይዘው ቄስ ወልደ ኪዳን ዘንድ ይሂዱ። የንስሐ አባታችን ናቸውና መሐላውን ይፍቱላት፤ ቀኖናው በእኔ ላይ ይሁን፤ ስግደትም ቢሉ ጾም እዚሁ እፈጽማለሁ። እሳቸው ካልፈቷት እኔ በጽሑፍ ብፈቅድላትም አፏን አትከፍትም፤ ጠባይዋን ያውቁታል። ከዚያም ፍቅርአዲስ ዘንድ አብረዋት ይሂዱ። ወረቀቱን ለአረጋ እርስዎ ራስዎ ይስጡት፤ ከእርስዎ እጅ ሲቀበል አይቀልድም። እስከዚያው አንዲትም ድንጋይ እንዳታነሣ አደራ።

ዓይን የሚባለውን ዛሬም እንደምፈራ አልዋሽዎትም። ድንጋዩን ግን አብልጬ ፈራሁ። ሰነፈች ብዬ አማኋት ብለው እንዳያዝኑ፤ እንዳያውቁ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ሔለንን ስላነበበችልዎት ያመስግኑልኝ፤ ከእንግዲህ የይማርሽን ውኃ እሷ ትቅዳላት። የቄስ ወልደ ኪዳንን መስቀል ከሩቅ ሆኜ ተሳልሜያለሁ። አረጋንም ሰላም ይበሉልኝ፤ አልተቀየምሁትም። ለይማርሽ ለብቻዋ የጻፍሁት ወረቀት የለም። ተናገሪ የሚለውን ቃል ከእርስዎ አፍ እንድትሰማ ፈልጌ ነው፤ መጀመሪያም ልትናገረው የፈለገችው ለእርስዎ ነበር።

አክባሪ ልጅዎ የኔሰው

ሐዋሳ፣ የካቲት 11 ቀን 2012 ዓ.ም.