በቀይ ቀለም የጻፍኩት ኮከብ

እንጭኒ፣ ሚያዝያ 1978 ዓ.ም.

ውድ መምህሬ አሻግሬ፣

ሹኩሪያ ነኝ፤ አምቦ አሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስ ያስተማሩኝ፣ የባለ ሱቁ የሁሴን ልጅ። ዛሬ እኔም እዚህ እንጭኒ ሳይንስ አስተምራለሁ።

መጋቢት 1973ን መቼም አይረሱትም። ጠዋት ክፍል እንደገቡ፣ ደብተርዎን እንኳ ሳያስቀምጡ፣ «ልጆች፣ በሬዲዮ ሰማሁ! በአንድ ሩቅ ጋላክሲ ውስጥ የፈነዳ ኮከብ ተገኘ» አሉን። የጋላክሲውን ጥምዝምዝ ቅርጽ በጠመኔ ሣሉልን። ብርሃኑ እኛ ዘንድ እስኪደርስ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዓመታት መጓዙን ነገሩን። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎዎት አይቼ አላውቅም።

ስለ ኮከቡ የጻፉትን ጽሑፍ ለግድግዳ ጋዜጣ እንድገለብጠው ሰጡኝ። ርእሱ «የአዲስ ኮከብ ግኝት» ይላል። ቀዘቀዘብኝ። ሳልጠይቅዎ በቀይ ቀለም «ታላቁ ኮከብ ፈነዳ!» ብዬ ጻፍኩት። ተንኮል አልነበረኝም፤ ሰው ቆሞ እንዲያነበው ብዬ ነው።

ቆሞ ያነበበው ግን ካድሬው ጓድ ወሰኑ ነበር። በማግስቱ ሰልፍ ላይ እንዳለን፣ «ቀይ ኮከብ የማን ዓርማ እንደሆነ የማያውቅ አለ? የቱ ኮከብ ነው የፈነዳው?» ብሎ ጮኸ።

«ጓድ፣ ይሄ እኮ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዓመታት ያለፉት ነገር ነው። አብዮታችን ገና ሰባት ዓመቱ!» አሉት እርስዎ።

ተማሪው ሳቀ። ሳቁ ነገሩን አባሰው።

«ርእሱን ማን ጻፈው?» አለ ጓድ ወሰኑ።

እርስዎ አንድ ጊዜ አዩኝ። ዓይኔን ወደ ጫማዬ አወረድኩ።

«እኔ ነኝ» አሉ እርስዎ።

ሦስት ሳምንት ታሰሩ። ከዚያ ወደ ካቺሲ አዛወሩዎት። ውጭ አገር ሄደው ስለ ከዋክብት ለመማር የሞሉት ፎርምም ሳይፈረም ቀረ። አባቴ «ልጄ፣ ምላስሽን ሰብስቢ» አለኝ። ሰበሰብኩ። አምስት ዓመት ሙሉ።

ባለፈው ሰኞ ከአውራጃው ትምህርት ቢሮ ኦቦ ጂራ ለጉብኝት መጥተው ነበር። ሳላስበው ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ዱጋ? እውነትሽን ነው?» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲያው ጻፊና ፈርሚ። ግን አንቺኑ ይጠይቁሻል።»

«ይጠይቁኝ» አልኩ።

ርእሱን የጻፍኩት እኔ መሆኔን ጽፌ ፈረምኩ። ወረቀቱ አሁን ከፋይልዎ ጋር ነው። ያመለጠዎትን ትምህርት እንደማይመልስ አውቃለሁ።

ትምህርት ሲዘጋ ካቺሲ እመጣለሁ። ይቅርታዬን በወረቀት መላክ አላስቻለኝም፤ ፊትዎ ቆሜ ነው የምለው። በር ባይከፍቱልኝ አልቀየምዎትም፤ ከውጭ ሆኜ እናገራለሁ።

ተማሪዎ፣
ሹኩሪያ ሁሴን