አሚን ያልንበት መሬት

ከሚሴ፣ የካቲት 12 ቀን 2005 ዓ.ም.

ልጄ ሩመይሳ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አብራሽ የምትማረው ሰዒዳ ለእረፍት መጥታ "ሩመይሳ ከስታለች፤ ከመጽሐፍ ላይ ቀና አትልም" ብላ ስለነገረችን እንዴት ነሽ ብዬ ብዙ አልጠይቅሽም። እናትሽ ይህን በሰማች ማግስት ገብስ ቆልታ በሶ አስፈጭታልሻለች፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሰዒዳ እጅ ይደርስሻል። ስኳሩን ራስሽ ግዢ ብላለች።

የእኛን ደህንነት ከመጨረሻው ላይ እጽፈዋለሁ። ደብዳቤ በዚያ እንደሚጀመር ጠፍቶኝ አይደለም። ግን "ደህና ነን" ብዬ ከጀመርኩ ሌላውን መጻፍ ያቅተኛል።

ባለፈው በስልክ የነገርሽኝን ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት አላህ ያውቃል። አስተማሪያችሁ የሪል እስቴት ትምህርት ሲያስተምር ግድግዳው ላይ አንድ ፎቶ አበራላችሁ፤ ሰው ሁሉ እጁን ወደ ላይ አድርጓል። "ይህ ነው የሕዝብ ተሳትፎ ማለት፤ አንድም ሰው ሳይቃወም መሬቱን ለልማት ሰጠ" አላችሁ። አንቺ ከመሃል እኔን አየሽና "አባቴ ነው" አልሽ፤ ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበልሽ። የመመረቂያ ጽሑፍሽንም በዚሁ በእኛ መሬት ላይ ልትሠሪ ወሰንሽ። ከዚያ "አባ፣ ለጽሑፌ ስለምፈልገው ነው፤ እጅህን ስታወጣ ምን ተሰማህ?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔም "ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ አይሰማኝም" አልኩሽ። ኔትወርኩ ደህና ነበር።

ልጄ፣ እኔ እጅ አላወጣሁም። ዱዓ ነው ያደረግሁት።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። አምና ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላ በቦርከና ዳር ማሳ ያለን ሰዎች ለስብሰባ ተጠራን። ካምፓኒ ያለው አንድ ሰው ከአዲስ አበባ በነጭ መኪና መጥቶ ነበር። በትልቅ ሸራ ላይ የታተመ ሥዕል ይዟል፤ ጣሪያቸው ቀይ የሆነ፣ ሁሉም አንድ የሚመስሉ ቤቶች። ሰብሳቢው ሙኒር ነው። ሙኒርን ታውቂዋለሽ፣ አንቺ የምትማሪውን ትምህርት ካንቺ ቀድሞ የጨረሰው የሰፈራችን ልጅ፤ አሁን መሬት የሚያስተዳድሩት ቢሮ ነው የሚሠራው። ማታ ለእናትሽ "ሪል እስቴት ሊሠሩ ነው" ብላት "ሪላ ማናት? የሰውየው ሚስት ናት?" አለችኝ። በጣም ሳቅን። በዚያ ማታ ገና ሳቅ ነበረን።

ሙኒር "እንግዲህ እንደ ባህላችን በዱዓ ይከፈትልን" አለ። ሼህ ዓብዱ ተነሱ። የሳቸውን ዱዓ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ከያዙ አይለቁም። ሁላችንም እጃችንን ዘረጋን።

"ያረቢ፣ አገራችንን ሰላም አድርግልን።"

"አሚን።"

"ዝናቡን በወቅቱ፣ አዝመራውን በበረካ።"

"አሚን።"

"የመጣውን እንግዳ ያሰበውን ሙላለት፣ ሥራውን አሳምርለት።"

"አሚን።"

እንግዲህ በዱዓ መሃል "ቆይ እስኪ፣ እንግዳው ያሰበው ምንድን ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው የት ታውቂያለሽ? አሚን ይባላል። በዚህ መሃል አንድ ጎረምሳ ወንበር ላይ ቆሞ ፎቶ ያነሳ ነበር። ዱዓው ሲያልቅ ሙኒር "አላህ ይስጥልን፤ ምሳ ቀርቧል" አለ። ሰውየው በግ አሳርዶ ኖሯል። እኔ "ውይይቱስ?" ብዬ ጠየቅሁ። "ከምሳ በኋላ" ተባልኩ። በልተን እጃችንን ታጥበን ስንመለስ ነጩ መኪና የለም። ስብሰባው ገና ሊጀመር ነው ብለን የተቀመጥነው ሰዎች አልቆ ነው የቆየን።

ብዙም ሳይቆይ የሚለኩ ሰዎች መጡ። የቆመ ሰብል ካለ ይገመታል፣ ዛፍ ካለ ይገመታል፣ ለመሬቱ ለራሱ አይከፈልም አሉን፤ ይህን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ማሽላው ታጭዷል፣ ሽንኩርቱም ገና አልተተከለም ነበር። ስለዚህ የእኛን "ባዶ" አሉት። ፓፓያዎቹን ገመቱልን። አንቺን ያስተማረ ማሳ ባዶ መባሉን ከሁሉም አብልጬ አልረሳውም።

አቤት ልንል ሄድን፤ እኔም፣ ሼህ ዓብዱም፣ ሌሎቹም። ከሙኒር በላይ ያለው ሹም በጨዋነት ተቀብሎ ሻይ አዘዘልን። ፎቶውን አወጣና ጣቱን ከሁሉም ከፍ ያለው እጅ ላይ አሳርፎ በኦሮምኛ ጠየቀኝ፤

"ሀርኪ ኩን ከን ኤኙቲ? ይህ እጅ የማነው?"

"የእኔ ነው" አልኩ።

"ወጥቷል ወይስ አልወጣም?"

"ወጥቷል፤ ግን ዱዓ ላይ ነን።"

"አባባ፣ ፎቶ ላይ ዱዓ አይሰማም" አለኝ።

ሼህ ዓብዱ ሻያቸውን ሳይነኩት ተነሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዱዓ ሲያደርጉ እጃቸውን ከጋቢያቸው አያወጡም። ሰው አሚን ይላል፣ እሳቸውም ዱዓ ያደርጋሉ፤ እጅ ግን የለም።

ሙኒር ኮሪደር ላይ ተከትሎኝ መጣ። "ጋሼ እንድሪስ፣ እኔም እኮ አሚን ብያለሁ" አለኝ።

"ታዲያ ዱዓ መሆኑን አንተ ካወቅህ ለምን አልተናገርክም?"

"ባለይዞታው ይወያይ ይላል ሕጉ። ተወያይተዋል ብዬ ፈርሜያለሁ። እኔ ባልፈርም የሚፈርም ሰው አይጠፋም ነበር።"

"ያን ሁሉ ዓመት የተማርከው ታዲያ ምን ጠቀመህ?" አልኩት።

"ደሞዝ" አለኝ። ያሾፈ መስሎኝ ፊቱን አየሁት፤ አላሾፈም። ልጠላው ሞከርኩ፣ እንደ ልጄ ነውና አልሆነልኝም። አንቺም ነገ እሱ ወንበር ላይ ትቀመጪ ይሆናል።

እንዲህ ነው ነገሩ። እጅ ዘረጋን፤ እጅ አወጣችሁ ተባልን፤ በመጨረሻም እጅ ሰጠን።

አሁን ስለ ቦታው ልንገርሽ፣ ጽሑፍሽ ውስጥ ያስፈልግሻልና። ዙሪያውን በቆርቆሮ ታጥሯል። ከበሩ በላይ ያንኑ ፎቶ አስፍተው ሰቅለውታል። ዝናብና ፀሐይ ተፈራርቀውበት የሼህ ዓብዱ ፊት ተልጦ ወድቋል፤ የእኔ እጅ ግን እስካሁን አለ። በውስጥ በኩል መሠረት ተቆፍሮ ጥቂት የብረት ዘንጎች ቆመዋል። ሠራተኞቹ ከሄዱ ቆይቷል። ሰውየው ገንዘብ አጥሮት ነው የሚሉ አሉ፣ መሬቱን ለሌላ ሊያስተላልፍ ነው የሚሉም አሉ። ጉድጓዱ ውስጥ ክረምት የገባው ውኃ እስካሁን አልደረቀም፤ እንቁራሪት ይጮኽበታል። ሣሩ ደግሞ ሰው ያህላል። ወደ ሰንበቴ ገበያ ከብት የሚነዱ ሰዎች በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮልቀው እያዩ ምራቃቸውን ይውጣሉ።

አስያን ታስታውሻታለሽ? ልጇ ፋይዛ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ከቤቶቹ አንዱን ከሸራው ሥዕል ላይ መርጣ በየወሩ ትከፍላለች። አስያ ገበያ ውላ ስትመለስ በሩ ላይ ትቆምና "እንድሪስ፣ የልጄ ቤት በየት በኩል ነው?" ትለኛለች። ገብታ እንድታይ እፈቅድላታለሁ። ሽንኩርት እንተክልበት የነበረውን ጥግ አሳያታለሁ። "ጥሩ ቦታ ነው፣ ነፋሻ ነው" ትላለች። አዎ እላታለሁ። ምን ልበላት?

በስልክ "አባ፣ የት ነህ? ምንድን ነው የሚንኳኳው?" ስትይኝ "ማሳው ላይ ነኝ" የምልሽ ውሸት አይደለም። የሚንኳኳው ቆርቆሮው ነው። ዛሬም የምውለው እዚያው ማሳችን ላይ ነው፤ ብቻ አሁን በሩ አጠገብ ነው፣ የሰጡኝን ካኪ ካፖርት ለብሼ። የአፋር ከብቶች በበጋ ሣር ፍለጋ ሲመጡ የማባርራቸው እኔ ነኝ። ድሮ ባለከብቶቹ እኛ ማሳ ዳር አድረው ወተት ይሰጡን ነበር። ደሞዙ ሲዘገይም ቢሆን ይመጣል፤ የምንከራየውን ክፍል ይችላል። አዎ፣ ቤቱም አብሮ ሄዷል። እናትሽ እንዳልነግርሽ አስምላኝ ነበር፤ መሐላውን ስላፈረስኩ ኋላ እጾምለታለሁ።

ደግሞ "ስመረቅ ካምፓኒው ይቀጥረኛል፣ ከሚሴ ገብቼ አብረን እንኖራለን" ብለሻል። ሩመይሳ፣ እዚያ ከተቀጠርሽ ጠዋት ጠዋት በሩን የምከፍትልሽ እኔ ነኝ። ይህን አላህ አያሳየኝ። ሌላ አገር ፈልጊ።

ስለ ጽሑፍሽ መጀመሪያ እውነቱን ጻፊ ልልሽ ነበር። ወረቀቱ ላይ ይህን አስፍሬ ቀደድኩት። እውነቱን ብትጽፊ አስተማሪሽ ማስረጃ ይልሻል፣ ማስረጃው ያ ፎቶ ነው፤ ፎቶው ደግሞ በእኛ ላይ ነው የሚመሰክረው። ስለዚህ እንደሚፈልጉት ጻፊላቸው። ተስማሙ በዪ። መሬቱ እንደሆነ በዕውቀትሽም አይመለስም፤ አንቺ ስንፍና የለብሽም፣ ነገሩ ነው ያለቀለት። እናትሽ ከሰላት በኋላ ሰጋጃዋ ላይ ተቀምጣ "ለፍቲ ኬኛ በዴ" እያለች ታንጎራጉራለች። ጠፋ መሬታችን ትላለች እንጂ ይመለሳል አትልም።

ግን የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ፤ ይህን አትጻፊው፣ ለራስሽ ያዢው። ምን ተሰማህ ብለሻል። ፎቶው የተነሳው ለእንግዳው አሚን ስንል አይደለም። ሼህ ዓብዱ ሊጨርሱ ሲሉ "በየትምህርት ቤቱ ያሉትን ልጆቻችንን በሰላም አስመርቅልን" አሉ። የዚያን ጊዜ እጄ ከሰው ሁሉ በላይ ወጣ። ጎረምሳው ያነሳኝ በዚያች ቅጽበት ነው። ደስ ብሎኝ ነበር ልጄ። በሕይወቴ እንደዚያ ዱዓ አድርጌ አላውቅም።

እንግዲህ ተመረቂ። ከዚያ ሁሉ አሚን አንዱ እንኳ ይድረስልን።

የእኛን ደህንነት በመጨረሻ እጽፋለሁ ብዬሽ ነበር። እናትሽ ደህና ናት፤ እኔም ደህና ነኝ ብዬሻለሁ በዪ።

አላህ ዕድሜሽን በዒባዳ ያርዝመው። ክፉ አይንካሽ፣ ክፉ አያሳይሽ። የምትገቢበት ቤት የራስሽ ይሁን፣ የምትረግጪውን መሬት ማንም ባዶ አይበልሽ። አሚን በዪ ልጄ፤ በልብሽ በዪው፣ እጅሽን ግን አታንሺ።

አባትሽ
እንድሪስ