ከላብራቶሪ የማይወጣ ነገር

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። እንዴት ነሽልኝ? የሆድሽ እንግዳስ፣ አሁንም ይራገጣል? እኔ ከአሰላ ብርድ በቀር ደኅና ነኝ።

ያልደወልኩት ኮርቼ አይደለም። እኛ ስናወራ ባልሽ ቦና ስፒከር አስከፍቶ አብሮሽ ይሰማል። ዘመናይ ወደ አርቦዬ ስለምትመለስ ይህን ደብዳቤ በእጅሽ እንድትሰጥሽ አደራ ብያታለሁ። ስታነቢው ብቻሽን ሁኚ።

እማዬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው» ትላለች አሉ። ላብራቶሪ ነው የምማረው ብዬ ብነግራት፣ ብነግራት! በግ ሲታረድ ጓሮ የምደበቀው እኔ ዛሬ ደም እቀዳለሁ። ሳቂብኝ።

አሁን ግን ለልምምድ ከወጣን ወዲህ ሳቅ የለም። አስተማሪያችን መጀመሪያ ቃል ያስገቡን ላብራቶሪ ውስጥ ያየነው ከላብራቶሪ እንዳይወጣ ነው። ቀላል መስሎኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ሊመረመር መጣ። ሲያየኝ ክው አለ። ውጤቱን ከሰማ በኋላ ደጅ ጠብቆ፣ ለማንም እንዳልናገር በሚወለደው ልጁ ለመነኝ። እሺ አልኩት። ምን ልበል?

ከዚያ ወዲህ ምግብም እንቅልፍም የለኝም። ብናገር ቃሌን አፈርሳለሁ፣ ከትምህርቴም እባረራለሁ። ዝም ብል ደግሞ... ስም ሳልጠራ አስተማሪዬን ብጠይቃቸው፣ ለሚስቱ ራሱ እንዲነግር ይመከራል አሉኝ። እምቢ ካለስ ብላቸው፣ እንደገና ይመከራል አሉ። ፅንስ ምክር እስኪያልቅ ይቆያል እንዴ?

እታለም፣ ሌላ ነገር ልለምንሽ። ጤና ጣቢያ የኤችአይቪ ምርመራ ሲሉሽ «ለሠርጋችን ቤተ ክርስቲያን አስመርምራናለች፣ ወረቀቱ አለን» ብለሽ ሳትመረመሪ መመለስሽን በኩራት ነግረሽኛል። ያ ወረቀት የዚያን ጊዜ ነው። የዛሬን አያውቅም። እርጉዝ ሁሉ ይመረመራል፣ አንቺን ብቻ አይደለም። በጊዜ ከታወቀ መድኃኒት አለው፤ እናትም ትኖራለች፣ ልጅም ጤነኛ ሆኖ ይወለዳል። ይህን ለምን እንደምጽፍልሽ አትጠይቂኝ። አላውቅም። አውቃለሁ፣ ግን እንደማላውቅ ቁጠሪኝ። እኔም ተደበላልቆብኛል። ብቻ ነገ ሂጂ።

እኔ ያለሁበት ግን አትምጪ፣ እዚያው አርቦዬ ተመርመሪ። የሰው ሁሉ ደም እይዛለሁ፤ ያንቺን እጄ አይችለውም።

ጌታ አንቺንም የማህፀንሽንም ፍሬ በክንፉ ይሸፍን። እማዬን ሳሚልኝ። ለቦናም ሰላምታ ጽፌ ነበር፣ መልሼ ሰረዝኩት። ምን ብዬ ሰላም እንደምለው ጠፋኝ።

ታናሽ እህትሽ