ጥላ የተከለከለበት መንገድ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት ታላቅ ወንድሜ፣

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ጉልበትዎ ደረጃ ሲወጡ አሁንም ያስቸግርዎታል ወይስ ለቀቅ አደረገዎት? እትዬስ እንዴት ናቸው? ዓይናቸውን ሊታዩ ነው ብለውኝ ነበር፤ ታዩ? ትልቋ ልጅዎ ትዳር ይዛ ከወጣች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብናል ብለው መጻፍዎ አስገርሞኛል። ያ በር በተከፈተ ቁጥር ሰው የሚገባበት ቤት ጭር ይላል ብዬ አስቤም አላውቅ። እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስል ውለን እናድራለን ማለቴ ነው፤ ቀሪውን ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል።

ደብዳቤዎ ደርሶኝ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የሰፈራችሁ ዋና መንገድ በሶላር ሊነጠፍ ነው፣ መኪና በላዩ ይሄድበታል፣ ከሥሩ ደግሞ መብራት ይመነጫል እያሉ የመጡ ሰዎች የኮሚቴውን ፊርማ ይጠብቃሉ፣ ሰብሳቢው እኔ ነኝ፣ አንቺ እላዩ ላይ ስለምትኖሪ እውነቱን ንገሪኝ ብለዋል። ባለቤቴ እጁን እየጠረገ ሲሰማ ቆየና፣ «ጻፊላቸው፤ ምንም ሳትቀንሺ ጻፊላቸው» አለኝ። እሱ ቃል ሲያወጣ እንደሚቆጥብ ያውቃሉ።

እርስዎ ሲመጡ ያዩት መንገድ ግራና ቀኙ ዛፍ ነበር። ባለቤቴ ቤታችን ሥር ባለችው በአባቱ ሱቅ ጎማ ይሠራል፣ እኔ ከጎኑ ሸራ ወጥሬ የስፌት መኪናዬ ላይ እቀመጣለሁ፣ አማቴ፣ የእሱ እናት፣ ዛፉ ሥር ወንበራቸው ላይ ናቸው። የሱቃችን አፍ እሳቸው ነበሩ። መኪና ሲያልፍ ድምፁን ብቻ ሰምተው፣ «አንተ፣ የኋላ ግራህ ለስልሷል» ይሉታል፤ ሰውየው ወርዶ ሲያይ እውነት ነው። ደንበኛ የሚመጣልን ለጎማው ይሁን ለእሳቸው ጨዋታ ለይተን አናውቅም ነበር።

ከዚያ የድርጅቱ ሰዎች መጡ። ቃል አቀባያቸው ምላሱ ቅቤ ነው። «መንገዱ ቀኑን ሙሉ ተጋድሞ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል፤ ለምን ሥራ አናስይዘውም?» አለን። ሳቅን፤ ወደድነውም። ቀላል ነገር ነው የጠየቀን። መንገዱ ላይ ጥላ የሚጥል ነገር ለሃያ ዓመት ላንሠራ፣ ላንተክል፣ ላናቆም፤ ቤቱን የሚገዛውንም ሰው ግዴታው እንዲይዘው። ጋሼ፣ ጥላ የሚቆጥር ሰው አለ? የሰፈሩ ሰው በሙሉ ፈረመ።

መጀመሪያ ዛፎቹ ተቆረጡ። ቀጥሎ ሸራዎቹ ወረዱ። ከዚያ መኪና እንዳይቆም ተከለከለ፤ የቆመ መኪና ጥላ ነውና። ለጎሚስታ መኪና አይቁም ማለት ለፀጉር አስተካካይ ደንበኛህ ባርኔጣውን እንዳያወልቅ ማለት ነው። ፊት ለፊታችን ያለችው አትክልት ሻጭ ቲማቲሟ በራፏ ላይ እየበሰለ፣ «ከእንግዲህ ወጡን ሠርቼ ልሽጥላችሁ» ትል ነበር። አማቴ አንድ ቀን ጃንጥላ ይዘው ወጡ። ተቆጣጣሪው መጣ፤ ትሑት ልጅ ነው፣ እንዲያውም አቀርቅሮ ነው የተናገረው። «እማማ፣ ጃንጥላዎን ወደ ግድግዳው ጠጋ ያድርጉልኝ» አላቸው። እሳቸውም፣ «ልጄ፣ እኔ ራሴ ጥላ አለኝ፤ እሱንስ የት ላስቀምጠው?» አሉት። ሰፈሩ ሳምንቱን ሲስቅበት ሰነበተ። እሳቸው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበራቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ።

መብራቱስ ይሉኝ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የመንገዱ አምፖሎች ከእሱ ይበሩ ነበር፤ ሐሰት አልናገርም። እየቆየ አቧራው፣ የሞተር ዘይቱ፣ የጎማው ጥቁር እላዩ ላይ ተጋገረ። የሚያጥበው መኪና ማለዳ ማለዳ እየጮኸ ይመጣል፣ ረፋዱ ላይ መንገዱ ተመልሶ ጠቁሯል። ከባድ መኪና አለፈበትና መስታወቱ ተሰነጠቀ፤ ዝናቡ በስንጥቁ ገባ፤ አንዱ ክፍል ሞተ፣ ቀጥሎ ያለው ተከተለው። ሲጠግኑ ያጥራሉ፣ አጥሩን ሳያነሱ ሌላው ይበላሻል።

ለጥገናው የሚመላለሰውን መሐንዲስ እናውቀው ነበር። ዕድሜው ገና ነው፤ ፊቱ ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነው። እኛ ጋ ውኃ እየጠጣ አሮጌ ጎማ ላይ ያርፋል። አንድ ቀን እርስዎ አሁን የጠየቁኝን ያንኑ ጠየቅሁት፤ እውነት ይህ ነገር ያዋጣል? አልኩት። «እህቴ፣ ጨርሶ አይሠራም አልልሽም» አለ። «ግን ሶላር ፀሐይን ፊት ለፊት ማየት ይፈልጋል። መንገድ ላይ ሲጋደም፣ ለዝናብ ባልዲን በጎኑ አስተኝቶ እንደመጠበቅ ነው። የጭነት መኪና እንዲሸከም መስታወቱን አወፈርነው፤ ሲወፍር ብርሃኑ ይቀንሳል። አየር ከሥሩ ስለማያገኝ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ ይደክማል። ይኸው አንዱ ፓነል ይህ ቤት ጣሪያ ላይ ዘንበል ብሎ ቢቀመጥ ያለ ብዙ ድካም የተሻለ ይሰጥ ነበር።» ታዲያ መንገድ ላይ ምን ወሰዳችሁ? አልኩት። «ጣሪያ ላይ ሪባን አይቆረጥም» አለኝ። አንተስ ለምን አትተወውም? ብዬ ስጠይቀው፣ «እኔም እንደናንተ ፈርሜያለሁ» ብሎ ብርጭቆውን መለሰልኝ።

የዝናቡ ወር ሲገባ የፈራነው ደረሰ። መስታወቱ ሲሠራ እግር እንዳያንሸራትት ሻካራ ተደርጎ ነበር፤ ጎማ ሲሄድበት ከርሞ ልሟል። አማቴ ለአትክልት ሻጯ ሳህን ሊመልሱ ሲሻገሩ ወደቁ። ስወጣ መነሣት አቅቷቸው፣ የተሰበረውን ሳህን በእጃቸው ይሰበስባሉ። ዳሌያቸው ነው። አምቡላንስ ተጠራ፤ መንገዱ በሁለቱም ጫፍ ለጥገና ታጥሮ ኖሮ ከዋናው አስፋልት ማለፍ አልቻለም። ባለቤቴና መሐንዲሱ በእኔ የስፌት ወንበር ተሸከሟቸው። መሐንዲሱ ጃኬቱን አውልቆ አለበሳቸውና እሱ በሸሚዝ ዝናቡን ተቀበለው። እሳቸው ሕመሙ እያለ፣ «ቀስ በሉ እንጂ፤ ጎማ መሰልኳችሁ?» ይላሉ። ማንም አልሳቀም።

ሆስፒታል ውስጥ አንድ ነገር ሰማን ጋሼ፣ ከውድቀቱ ይልቅ እሱ ነው ከሆዴ የማይወጣው። ባለቤቴ እጃቸውን ሲያጥብላቸው፣ «ልጄ፣ ከዚያ ሰፈር ውሰደኝ» አሉት። ደንግጦ፣ «እማዬ፣ እኔ እዚያ የቀረሁት አንቺ ከአባቴ ቤት መውጣት አትወጂም ብዬ አይደለም ወይ?» አላቸው። «እኔ መቼ እንዲህ ያለ ቃል ወጣኝ? አንተ የአባትህ ሱቅ ተዘግቶ ከምታይ ሞትህን ትመርጣለህ ብዬ ነው እንጂ» አሉ። ዞር ብለው አዩኝ። እኔ ደግሞ ለሁለቱ ስል ነበር አፌን የያዝኩት። ሦስታችንም ለመሄድ እየፈለግን፣ አንዳችን ለአንዳችን ስንል ተቀምጠን ኖረናል። ባለቤቴ ሳፋውን ይዞ ወጣና ብዙ ቆይቶ ተመለሰ።

እሳቸው ወደ ቤት ሲመለሱ ቤቱን ልንሸጥ ተስማማን። የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አንድ መምህርና ባለቤቱ ነበሩ። ክፍሎቹን ወደዷቸው፤ ሚስትየዋ እንዲያውም አልጋውን የት እንደምታደርግ በእጇ ታሳየው ጀመር። መኪና የት ይቆማል? ብለው ጠየቁ። ውሉን አሳየናቸው። መምህሩ አንብቦ ሲጨርስ፣ «ቤቱ ጥሩ ነው፤ እጁ ታስሯል እንጂ» ብሎ አጥፎ መለሰልን። ከዚያ በኋላ የመጡትም ከዚሁ የተለየ አልተናገሩም።

ባለቤቴ ድርጅቱ ዘንድ ሄደ። መንገዱ ከግማሽ በላይ ሞቷል፣ እንግዲህ ውሉን ፍቱልን አላቸው። ውሉ ከመሬቱ ጋር እንጂ ከመብራቱ ጋር አይደለም አሉት። ፓነሉ እስኪነሣ ውሉ ይጸናል፤ ማንሻ በጀት ደግሞ አልተያዘም። እንግዲህ መብራት የለም፣ ጥላም የለም። መሐንዲሱ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሊሰናበተን መጣ፤ የአንድ ትልቅ መጋዘን ጣሪያ ላይ ሶላር ሊሰቅል ነው። ሲነግረን መሬት መሬት ያያል። አማቴ፣ «ሂድ ልጄ፣ ከመሃላችን አንድ ሰው እንኳ ይውጣ» ብለው መረቁት።

አሁን ባለቤቴ ዕቃውን በጋሪ እየገፋ ዋናው አስፋልት ማዕዘን ላይ ይሠራል፤ ሲያባርሩት ይሰበስባል፣ ዘወር ሲሉ ይዘረጋል። እኔ የምሰፋው ኮሪደር ላይ ነው። የመስታወቱ ነጸብራቅ ዓይን ስለሚያጠፋ መጋረጃው አይከፈትም፤ በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርቼ እውላለሁ። ነይ፣ ቤቱ ሰፊ ነው ብለውኛል፤ ዕድሜ ይስጥልኝ። ግን አማቴ ረጅም መንገድ አይችሉም፣ ባለቤቴ ያለ እሳቸው አይነቃነቅም፣ እኔም ያለ ሁለቱ አልመጣም፣ ቤቱ ደግሞ አይሸጥም። የተዘጋ በር ቢሆን ይንኳኳል፤ የኛ በር ክፍት ነው፣ መውጫው ነው የጠፋው።

ስለዚህ ጋሼ፣ ይህን አይፈርሙ። ሥልጣኔ ጠላ ይሉዎታል፣ ይበሉ። ፀሐይን አልጠላሁም ይበሏቸው፤ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ፣ የጤና ጣቢያውን ጣሪያ፣ የገበያውን ጣሪያ ያሳዩአቸው። እዚያ ላይ ከሰቀሉ ፊርማዎ ፈጥኖ ይድረስላቸው። መንገዱን ግን ለሚሄድበት ይተዉለት።

እትዬን እጅ ነስቻለሁ ይበሉልኝ፤ ለዓይናቸው ነገር ቶሎ ይጻፉልኝ። ላገባችው ልጅዎ የጀመርኩላት ቀሚስ እጅጌው ብቻ ቀርቶታል። ለመንትዮቹ፣ መጣላቱን ተዉና ተራ በተራ ጻፉልኝ ይበሏቸው። ለጎረቤታችሁ ለአናጺውም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ባለቤቴ ከማዕዘኑ ገና አልተመለሰም፤ ቢኖር ትከሻዎን ይስም ነበር። አማቴ ሰላምታቸውን ልከዋል። ይህን ስጽፍ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ነው ያለሁት፤ ምን እያልሽ ነው የምትጽፊው? አሉኝ። አይፈርሙ እያልኩ ነው ለጋሼ አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ መጋረጃው መልሰው፣ «እኛም እንዲህ ብሎ የሚጽፍልን ዘመድ በነበረን» አሉ።

እህትዎ፣
ከኋለኛው ክፍል፣ መጋረጃው እንደተዘጋ፤
ጥቅምት ፲፯ ቀን።