ይምጣ ብለዋል

የካቲት ፯፣ ጧት

ዛሬም ሾላው ሥር እንግሊዝኛ። ስማኝ ደብተሬ፣ ግራ ገብቶኛል። ቅኔ ቤት ሳለሁ ማሰሪያ አንቀጹን ከያዝሁ ሌላው ሁሉ ይፈታልኝ ነበር። የእንግሊዙ ሻምበል ግን ገና ከመነሻው ያስርና ከኋላ ይጎትታል፤ "ኢፍ"፣ "ዌን"፣ "አንለስ"፤ ቢሆን፣ ሲሆን፣ ካልሆነ በቀር እንደማለት። ጨረሰ ስል ይቀጥላል። የኋላው የፊተኛውን ያፈርሰዋል። የቱ ዋና፣ የቱ ጥገኛ? አዲስ አበባ ጥቂት ወር ስለተማርሁ የአርበኞቹ አለቃችን ፊታውራሪ አስተርጓሚ አደረጉኝ። የኛ ሊቅ ይሉኛል። ወይ ሊቅ!

የካቲት ፲፪፣ ከቀትር በኋላ

እትየ ዘይነባ፣ ጨው ነጋዴዋ፣ ከደ/ማርቆስ መጣች። የታናሽ ወንድሜን የይታየውን ቃል ይዛ። ጣሊያን ምሽግ ውስጥ ባንዳ ነው፤ ዘብ ይቆማል። ከነጠመንጃው ልጥፋ፣ ብመጣ ትገድሉኛላችሁ ወይ ይላል። የዘብ ተራው ነገ ማታ ነው፤ በኮረብታው በኩል መምጣት ይመቸዋል። ስረግመው ኖሬ ዛሬ አለቀስሁ።

ለሻምበሉ ነገርሁት። ረዘም አድርጎ መለሰ። እኔ "የስ፣ የስ"፤ ታላቅ ሰው ሲናገር እሺ፣ እሺ እያልን እንደምንሰማው። የገባኝ መስሎት ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ። ፊታ/ሪ እህሳ? አሉኝ። ይምጣ ብለዋል አልሁ። እትየ ዘይነባም ይህንኑ ይዛ ሄደች።

የካቲት ፲፫፣ ጧት

"ይምጣ" ላይ የተንጠለጠለው ምን ነበር? "ዴይ"፣ ቀን፣ ሲል ሰምቻለሁ። "አንለስ" ሲል ሰምቻለሁ። የትኛው ከየትኛው? ሄደህ ጠይቅ እላለሁ፤ ደግሞ በሰው ሁሉ ፊት አልገባኝም ልበል? ፊታ/ሪ ዛሬም ሊቅ አሉኝ። ምነው ምድር በዋጠችኝ።

ያው ቀን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ

ጠየቅሁ። በሁሉም ፊት። ሻምበሉ ፊቱ ቀላ፤ የስ ብለህ አልነበር ወይ ነው ነገሩ። እኛ ዘንድ እሺ ማለት እየሰማሁ ነው ማለትም ነው ብዬ ብነግረው አልጣመውም። ቆራርጦ አጭር አጭሩን ነገረኝ፤ እኔም እየተከተልሁ ቃሉን ደገምሁለት። ይምጣ፤ በቀን ከሆነ። ጠመንጃውን ዘቅዝቆ። ማታ በኮረብታው የሚመጣውን ግን የኛ ዘብ ሳይጠይቅ ይተኩሳል።

ተራው ዛሬ ማታ ነው። አሁን ማን ይደርስለታል?

ፊታ/ሪ እግር ላይ ወደቅሁ። ዘቡን አላነሣም አሉ፤ በቀደም ጠላት በዚያው ገብቶብናል። ከዘቦቹ ጋር ተቀመጥ፤ ኮሽታ ስትሰማ አንዴ ጥራው፤ ካልመለሰ ይተኩሳሉ። ሊቅ አላሉኝም።

አንዴ! አሁን ትዝ አለኝ፣ ደብተሬ። እናታችን በጨለማ አንዴ ሲጠሯችሁ አትመልሱ፣ ሰይጣን ነው፤ ሰው ከሆነ ይደግማል ትለን ነበር። ይታየው እስካሁን አንዴ ሲጠሩት አይመልስም። ለፊታ/ሪ ብነግር ይስቁብኛል። ዘቦቹ ተነሥተዋል፣ እየጠሩኝ ነው። ይፍቀዱ አይፍቀዱ፣ ከጠመንጃቸው ፊት ቆሜ ደግሜ እጠራዋለሁ።