ጫፉ ያልተሰፋ አፎት

ኅዳር 12

ዛሬ ሦስት ሰው መጣ። ሁለቱ ገዙ፣ አንዱ ሲያወራ ዋለ። ያወራው የጨው ነጋዴ ነው፤ ክንድ የሚያህል ካራውን በጨርቅ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዞ። ገና ሳይቀመጥ አረንጓዴውን አፎት አነሳ። "ይሄ ያምራል" አለ።

"ለካራህ ነው ወይስ ለሚስትህ?" አልኩት።

ሰው ሁሉ አፎት የሚመርጠው በዓይኑ ነው። ተቀብዬው ካራውን ከተትኩና ዘቅዝቄ ነቀነቅኩት። ዱብ! እግሩ ሥር። ሲዘል ጥምጥሙ ሊፈታ ምንም አልቀረው። "አየህ? ይሄ ያንተ አይደለም።" አፉ ጠበብ ያለ፣ ጫፉ በበሬ ቆዳ የተደረበ ቀይ ሰጠሁት። ዘቀዘቅኩት፣ አልወደቀም። በሱ ላይ ደግሞ ጌጥ የለውም ብሎ ግማሽ ቀን ተነጫነጨ።

እማማ ቺማ ከጥጓ ሆና ሳቀች። "አንቺ ልጅ፣ በዚህ ምላስሽ ደንበኛ አይተርፈንም። ያ ሰውዬ ቢኖር ግን እንዴት ይስቅልሽ ነበር!" አለች። አማቴ ናት፤ ወስፌ ያስያዘችኝም እሷ። በኛ ዘር ብረቱ የወንድ፣ ቆዳው የሴት ነው። ያ ሰውዬ የምትለው ባሏን ነው። ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው፤ ስሙን ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። የሞተ ሰው ስም አይጠራም። ከተጠራ አያርፍም።

ባሌ አጋሊ ለወርቅ ቆፋሪዎች ዶማ ሊጠግን ወደ ሰሜን ከሄደ ዛሬ ሃምሳ ሁለት ቀን።

ኅዳር 19

ብርድ ነው። ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ... ሥራ ትቼ ተቀመጥኩ።

የአጋሊ አፎት ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። ባየሁት ቁጥር ያ ጠብ ይመጣብኛል። መኪናው ይመጣል ከተባለበት በአንድ ቀን ቀድሞ መጥቶ በር ላይ ጡሩምባውን ሲነፋ፣ አፎቱ ጎንና ጎኑ ተሰፍቶ ጫፉ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሦስት ጣት የማይሞላ ስፌት!

"ስጪኝ ጋይሻ፣ እዚያ ስደርስ ራሴ እሰፋዋለሁ።"

"ወንድ ወስፌ ይዞ? ወርቅ ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ጥለው ባንተ ይስቃሉ!"

"እንግዲያው እንዳለ ልያዘው።"

"ያላለቀ ሥራ ከእጄ አይወጣም። ስትመለስ ትወስደዋለህ።"

አሮጌውን ታጥቆ ሄደ። ለሠርጋችን የሰፋሁለትን። አፉ ሰፍቷል፣ ካራው ውስጡ ይዋኛል። አውቅ ነበር። "በጠፍር አስረዋለሁ፣ አታስቢ" አለኝ። አስሮት ይሆን?

ካራውንማ ማን ይረሳዋል... ከጭነት መኪና ባሌስትራ ሲቀጠቅጠው ወደ ግራ ጠመመበት። "ካራ ነው ማጭድ?" ብዬ ሳምንት ሙሉ አሾፍኩበት። አዲሱን አፎት ስሠራ ቆዳውን ነክሬ በዚያው ካራ ላይ ነው ያደረቅኩት። ጥመቱን ይዞ ቀረ። ሌላ ካራ አይገባበትም።

ታኅሣሥ 3

ወሬ የለም። ወርቁ ያለበት ስልክ አይሠራም፤ የሄደ ሰው ራሱ ካልመጣ ወሬውም አይመጣም። የዶማ ጥገናው በዝቶበት ይሆናል። እማማ "አጋሊ ሲመጣ ጥቁሯን ፍየል እናርዳለን" አለች። ጥቁሯ ፍየል ሰምታ ነው መሰለኝ ማታውኑ ገመዷን በጥሳ ጎረቤት ገባች። ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ታኅሣሥ 21

ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ አንድ ግመል ነጂ መጣ። ሪሳ ይባላል፤ አይቼው አላውቅም። ካራ በጆንያ ቁራጭ ጠቅልሏል፣ አፎት ፈልጎ። ሳይፈታው "ምረጥ" አልኩት። አራት መረጠ። የመጀመሪያው መሐል ላይ ያዘ። ሁለተኛውም ያዘ። ሦስተኛውን በጉልበት ሊከተው ሲል ጮህኩበት፣ "ስፌቴን ልትቀድ ነው እንዴ? ጠማማ ካራ ይዘህ ቆዳ ትወቅሳለህ? የትኛው ሰካራም ነው የሠራልህ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ፣ ያገኘሁት ነው" አለ።

ያኔ አየሁት። ወደ ግራ።

ተነሳሁ፣ ምሰሶው ላይ ያለውን አወረድኩ። ካራውን ከእጁ ወሰድኩ። ገባ። እንደ ውኃ ገባ። ዘቀዘቅኩት፣ ነቀነቅኩት። አልወደቀም። እንደገና ነቀነቅኩት። ውደቅ አልኩት በልቤ፣ እባክህ ውደቅ... አልወደቀም።

"ይሄ ነው!" አለ ሪሳ ደስ ብሎት። "ጫፉን ብቻ ስፊልኝና ይዤው ልሂድ።"

ታኅሣሥ 22

ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አቃተኝ። ሪሳ ካራውን ያነሳው በሰሜኑ የመኪና መንገድ ላይ ነው፣ ከዚህ በመኪና ሁለት ቀን የሚያስኬደው ደረቅ ግራር ካለበት አለፍ ብሎ። አሸዋ ውስጥ እጀታው ብቻ ታይቶት። ሌላ ነገር? ሌላ ምንም። ሰው? ማንም። የባሌ መሆኑን ስነግረው ፊቱን በጥምጥሙ ሸፈነ። "ያንቺ ነው እንግዲህ፣ እኔ ጠባቂው ነበርኩ" አለ። አጋሊ ሠርቶ ከተዋቸው አንዱን ካራ ከነአፎቱ ሰጠሁት። አልቀበልም ብሎ ታገለኝ፤ ግድ አልኩት።

አሁን በእርጋታ ላስብ። ካራ ወደቀ ማለት ሰው ወደቀ ማለት ነው? አይደለም። አፎቱ ሰፊ ነው፣ መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ እሱ ደግሞ መኪና ላይ ሲወጣ እንደ ጆንያ ይተኛል። ሲነቃ ካራው የለም። በቃ። አሁን እዚያ ሆኖ የሰው ካራ ተውሶ ሥጋ እየቆረጠ እኔን እየረገመ ነው።

ይርገመኝ። ደስ ይለኛል።

ታኅሣሥ 29

ከእማማ ጋር ተጣላን። በአሥር ዓመት አንዴ እንኳ ተጣልተን አናውቅም።

ሻይ እየቀዳች "ልጄ ይህችን ምጣድ ሳይጠግናት ሄደ" አለች። ልጄ! ካራው ከመጣ ወዲህ ስታወራ እየቆጠርኩ ነው። ልጄ። ያ ልጅ። የቤቱ ጌታ። አንድ ቀን እንኳ አጋሊ አላለችም።

"ስም አለው" አልኳት።

"አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ ያወጣሁለት።"

"ጥሪው እንግዲያ!"

ብርጭቆውን አጠበች። የታጠበውን ደግማ አጠበች። ጮህኩባት... አጋሊ፣ አጋሊ፣ አጋሊ እያልኩ። ጎረቤት ሰማ። አፈርኩ። እማማ ራሴን ይዛ ጭኗ ላይ አስተኛችኝ፤ ስሙን ግን አልጠራችውም።

ጥር 8

አጋሊ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ጥር 17

አታሄር መጣ። አብረው ነበር የሄዱት፣ ቆፋሪ ነው። በር ላይ ቆሞ ጫማውን ሲያወልቅ ቆየ።

"እትዬ ጋይሻ... ጓደኛዬ..." ብሎ ጀመረ። ጓደኛዬ አለ። ስሙን አልጠራም። የቀረውን ባይነግረኝም አውቄው ነበር። ግን ነገረኝ።

በተነሱ በሁለተኛው ቀን፣ መስከረም 22፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ለስግደት ቆሙ። እሱ ወገቡን ሲዳስስ አፎቱ አለ፣ ካራው የለም። ጠፍሩ ተበጥሷል። "ጎማ ስንቀይር ነበረኝ፣ ሩቅ አይደለም" አለ። አታሄር "ተወው፣ ሌላ ትቀጠቅጣለህ" ሲለው ሳቀ። "አዲሱን አፎት ሰቅላ እየጠበቀችኝ? ያለ ካራ ብመለስ ጋይሻ አፎቱ ውስጥ እኔን ነው የምትከተኝ። ሻይ ጣዱ፤ ሦስተኛው ሳይፈላ መጣሁ" ብሎ ዱካውን ይዞ ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ አቧራው ተነሳ። ሁለት ቀን ፈለጉት። ውኃቸው ሊያልቅ ሲል ሾፌሩ ሌላ መኪና አንሥቶት ይሆናል አለ። እነሱም አመኑ። ማመን ይቀላል... እኔስ አላመንኩም?

አታሄር አሁን ሲመለስ ከደረቁ ግራር ወዲህ ባለው የውኃ ጉድጓድ አጠገብ ያሉ እረኞች መቃብሩን እዚያው አሳዩት። እነሱ ናቸው የቀበሩት። ከወገቡ የፈቱትን ሰጡት። ከከረጢቱ አወጣው፤ የሠርጋችን አፎት። ባዶውን። የእጄን ስፌት አላውቀውም?

ካራው የት እንደተገኘ ነገርኩት፤ ግራሩን አለፍ ብሎ። አታሄር መሬቱ ላይ በጣቱ መንገዱን አሰመረ፤ ግራሩን፣ ጉድጓዱን።

"ካራውን ሳያየው አልፎት ሄዷል" አለ በመጨረሻ።

ጥር 18

የሰፈሩ ሽማግሌ መጡ። አታሄር የነገራቸውን ቀን በጣታቸው ቆጠሩ። የባል ሐዘን አራት ወር ከአሥር ቀን ነው፤ የሚቆጠረው ደግሞ ወሬው ከተሰማበት ሳይሆን ከሞተበት ነው አሉኝ። "ልጄ፣ አብዛኛውን ጨርሰሽዋል። አሥራ ሦስት ቀን ቀረሽ።"

ጨርሰሽዋል! መቼ ጀመርኩት? በጨው ነጋዴው ስስቅ ሐዘን ላይ ነበርኩ። በፍየሏ ስንስቅ፣ ኩል ስኳል፣ ቀይ ሻሼን ሳስር... መበለት ነበርኩ። ሳልይዘው አለቀብኝ። ለሰው ሁሉ አራት ወር ይሰጣል፣ ለኔ አሥራ ሦስት ቀን ብቻ።

ቢጠይቁኝ ዓመት እቀመጥ ነበር።

ጥር 24

እማማ ወስፌውን ደብቃብኝ ነበር። አግኝቼው አዲሱን አፎት ጉልበቴ ላይ አኖርኩ። እሷ ሻይ ጣደች። ጫፉን ደረብኩ፣ ሰፋሁ፣ ክሩን ቆረጥኩ። ቀና ስል ሻዩ ገና አልፈላም።

ይህን ያህል ብቻ ነበር የሚፈጀው። ያኔ ሾፌሩ ጡሩምባውን ሲነፋ "ትንሽ ጠብቅ" ብለው ይጠብቅ ነበር። ወይም እንዳለ ብሰጠው... አፉ ጠባብ ነው፣ ጫፉ ባይሰፋም ካራው አይወድቅም ነበር። ካራ የሚወድቀው በአፉ ነው። ይህን ለስንት ሰው አስተምሬያለሁ! ዕድል አይደለም፣ አቧራውም አይደለም። ኩራቴ ነው። ለእማማ ነገርኳት። "ልጅሽን እኔ ነኝ የገደልኩት" አልኳት።

አልተቆጣችም፣ አይደለምም አላለችኝም። "እኔም እንዳንቺ ነበር የማደርገው" አለች። "እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ።" ከዚያ አለቀሰች። ስታለቅስ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

የካቲት 6

ሐዘኑ ካለቀ ስድስተኛ ቀን፣ እንደ ሽማግሌው ቆጠራ። በሩን ከፈትኩ። ካራውን ከነአፎቱ እማማ ሣጥኗ ውስጥ አስገባችው፤ አሮጌው ትራሴ ሥር ነው። እሷም እኔም አሁን "እሱ" ነው የምንለው። ይህን ደብተር ወደ ኋላ አልገልጥም። እዚያ ስሙ በያለበት አለ።

ረፋድ ላይ አንድ ጎረምሳ እየሮጠ መጣ። ወደ ሰሜን ሊሄድ ነው፣ መኪናው መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ትልቅ ካራ ይዟል፣ እርቃኑን፣ በቀበቶው ሰክቶ። የያዘው የአባቱ አፎት ስፌቱ ተበትኗል። ያሉኝን ሞከርን፣ አንዱም አልሆነም። ከተሠሩት ሳይሆን ገና ከተጀመሩት አንዱ ልኩ ሆነ፤ ጎኑ የተሰፋ፣ ያልቀባሁት፣ ጠርዙ ያልተከረከመ፣ ክሩ እንደ ፍየል ጢም የተንጠለጠለ። ጡሩምባው ተነፋ።

"ለሌላ ጊዜ ይሁን እትዬ" አለና ሊሄድ ዞረ።

ክንዱን ያዝኩት። ካራውን ከተትኩ፣ ዘቀዘቅኩ፣ ነቀነቅኩ። አልወደቀም። ወገቡ ላይ በገዛ እጄ አሠርኩለት፣ ሁለት ቋጠሮ። ከጥጓ እማማ ወስፌዋን አስቀምጣ ታየኛለች።

"ይሄማ አላለቀም" አለ ልጁ ክሩን እያየ። "ጌጡስ?"

"ጌጡን ስትመለስ።"

ስሙን ጠየቅኩት። እየሮጠ ዞር ብሎ ጮኸልኝ። ኢብሪም ነው። እስኪመለስ ድረስ በየቀኑ እዚህ እጽፈዋለሁ።